እትዬ ብርቄ አቤት ያላሉበት ገደል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጀርባ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ የአባቴን ሚስት እጠራ ነበር። መልስ የለም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እትዬ ብርቄ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። እናቴ ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠርኩም። አባቴ እሳቸውን አግብቶ ሲያመጣ «እትዬ በያቸው» አለኝ፤ አልኩ። እትዬ እንዳልኩ፣ እርስዎ እንዳልኩ ይኸው አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ ሲግናል ሰፈር ቤት ተከራይቼ ወጣሁ። ፀብ የለንም። እንደውም እወዳቸዋለሁ። ብቻ አፌ እንደዚያው ለምዶ ቀረ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ኮተቤ ያለው ቤታቸው ውስጥ ተዘግተው ቁጭ አሉ። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ «ይራመዱ» ቢላቸው ከሳሎን እስከ ጓዳ ነው የሚራመዱት። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ስኒከሩን አስሮ እንጦጦ ሲወጣ ፎቶውን እያየሁ በቅናት የምሞት ሰው ነኝ።

«ሃይኪንግ ልውሰድዎት» አልኳቸው።

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ዳገቱን በእግር መውጣት ነው።»

«ለዳገት ነው እንዴ እንግሊዝኛ የምታወሪው?» ብለው ሳቁብኝ። መጡ ግን።

ገደሉ ጋ ስንደርስ ደከማቸው። ቦርሳቸውን ተቀብዬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸውና «መጣሁ፣ አንድ ፎቶ ብቻ» ብዬ ወደ አፋፉ ሄድኩ። አንድ ፎቶ ደግሞ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል! ዞር ስል ጉም ወርዶ ባሕር ዛፉን ሸፍኖታል... ድንጋዩ አለ፤ እትዬ ብርቄ የሉም።

መጀመሪያ ብዙም አልደነገጥኩም። ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ጀርባዬ ላይ ጮኸ። ቦርሳቸው እኔ ጋ ነዋ! ስልካቸው እኔ ጋ፣ ውሃቸው እኔ ጋ፣ ስኳራቸው ሲወርድ የሚጠጧት ጁስ እኔ ጋ። ምሳ ደግሞ በቅጡ አልበሉም። አሁን የሆነ ቦታ ራሳቸውን ስተው ቢወድቁ ማን ያያቸዋል? ያኔ ጩኸቴን ለቀቅኩት።

«እትዬ ብርቄ! እትዬ ብርቄ!»

የገደል ማሚቶው «...ርቄ ...ርቄ» እያለ ይመልስልኛል። ርቄአለሁ የሚሉኝ መሰለኝ።

ወደ ታች የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይዤ፣ ግማሹን በእግሬ ግማሹን በቂጤ ወረድኩ። ቁጥቋጦ ላይ ነጭ ነገር ታየኝ። ነጠላቸው ነው! እየጮህኩ ሮጥኩ። ስደርስ ፌስታል ነው። ለፌስታል አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቱታ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ለቅሶዬን ሰምቶ ከላይ ብቅ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ?»

«ጠፉብኝ! ስኳር አለባቸው!»

«ማን ናቸው? ምንሽ ናቸው?»

«እናቴ!»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ሰውየው የአካባቢውን ጥበቃዎች ልጥራ ብሎ ሽቅብ ሮጠ። እኔ ግን አንዴ አፌ ተከፍቷል፣ መዝጋት አቃተኝ።

«እማዬ! እማዬ የት ነሽ? እማዬ እባክሽ መልሺልኝ!»

እርስዎ የለ፣ እትዬ የለ። እየሮጥኩ፣ እየወደቅኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። ጫካው ጭጭ አለ። በቃ ሞተዋል አልኩ። ገደል ገብተዋል። ለዘመድ ምን ልል ነው? አባቴ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው... ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። እንዲህ ያለ ተስፋ መቁረጥ በሕይወቴ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ተስፋ ስቆርጥ እናደዳለሁ። ፀባዬ ነው። ቤት ውስጥ መነጽራቸውን የሆነ ቦታ ጥለው ፈልጊልኝ ሲሉኝ እንደምጮኸው ጮህኩ...

«ኧረ እትዬ ብርቄ! የት ነው የገቡት እርስዎ ሴትዮ?!»

«አቤት! አለሁ!»

እዚሁ ናቸው! ጠጠር ብወረውር የምመታቸው ቦታ፣ ከቋጥኝ ጀርባ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው እያማተቡ ቁጭ ብለዋል። ለካ ሽንት ይዟቸው ዞር እንዳሉ ጉሙ ወርዶ መንገዱ ጠፍቷቸው ቁልቁል ርቀው ወርደው ነው። ጁሱን ከፍቼ አጠጣኋቸው። 

ትንሽ ትንፋሽ ስናገኝ ጠየቅኳቸው። «እንዲህ ቅርብ ሆነው፣ ያን ሁሉ ስጮህ አልሰሙም?»

ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያንቺንማ ገና እንደሰማሁ አቤት አልኩ። ከዚያ በፊት ሲጠራኝ የነበረው ግን... ሌላ ነው ልጄ። ጫካ ውስጥ ለጠራ ሁሉ አቤት አይባልም፣ ይዞሽ ነው የሚሄደው። ደግሞ እኮ በድምፅሽ ነው የመጣብኝ! እማዬ፣ እማዬ ይለኛል።»

ጠጋ አልኳቸው። «እኔ ብሆንስ?»

«አንቺማ እማዬ አትይኝም» አሉ። ቅያሜ የለበትም፤ ልክ ዛሬ ቅዳሜ ነው እንደማለት ነው የተናገሩት። «ግን ሆዴን እንዴት እንዳባባው! አቤት ልል ከንፈሬ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው የመለስኩት። ያውቃላ! ሰው የሚመኘውን ያውቃል እሱ።»

እኔ ነበርኩ ልላቸው አፌን ከፈትኩ... ለቅሶ አፈነኝ። እሳቸው ፍርሃት መስሏቸው ጀርባዬን እያሻሹ «በቃ፣ በቃ፣ ሄዷል» ይሉኛል።

ያን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ... እማዬ ብሎ በመጥራት ሰይጣን ቀደመኝ።