የእሁዷ እንክብል

ሰፈሩ «ባለ ራጁ» ይላቸዋል። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ በሯ ከውስጥ በምትቀረቀር ጠባብ ጨለማ ክፍል ውስጥ ራጅ ሲያጥቡ ኖረዋል። ራጅ በኮምፒውተር ሲወጣ እያየ ያደገ ሰው፣ ፊልም እንደ ልብስ በገንዳ ተነክሮ፣ ተለቅልቆ፣ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅ ነበር ቢሉት ቀልድ ይመስለዋል። ግን እንደዚያ ነበር። ከአንዲት ቀይ አምፖል በቀር ብርሃን የሚባል ነገር እዚያ ዝር አይልም፤ ብርሃን ከገባ ፊልሙ ይቃጠላል፣ ፊልሙ ከተቃጠለ ሐኪሙ ይቆጣል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይገባሉ፣ ምሳቸውን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ይቀማምሳሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዓይናቸውን እያሹ ይወጣሉ። የከተማውን ሰው አጥንት አገላብጠው ያዩት ሰውዬ ፀሐይን በወጉ የሚያዩት በሳምንት አንድ ቀን ነበር፤ እሱንም ቀን ተኝተው ያሳልፉታል።

ኋላ ማሽኑ ተቀየረ፣ ክፍሏ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆነች፣ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። በሁለተኛው ዓመት ባለቤታቸው ሞቱባቸው። ቤታቸው አንድ መስኮት ብቻ ያለው ነው፤ መስኮቱም የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ከአንዱ ጨለማ ወጥተው ሌላው ውስጥ ገቡ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕመሙ መቼ እንደጀመራቸው ራሳቸውም በቅጡ አያውቁትም። መጀመሪያ ተረከዛቸውን፣ ቀጥሎ ቅልጥማቸውን ያዛቸው፤ ከዚያ ወደ ዳሌያቸው ወጣ፣ ወገባቸውን አዳርሶ ትከሻቸው ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ግድግዳ ይዘው ሦስት ጊዜ ይሞክራሉ። ራጅ ተነሱ። ውጤቱን ማንም ሳይነግራቸው በስክሪኑ ላይ ራሳቸው አዩት፤ አጥንቱ ንጹሕ ነው። ይኼ ከሕመሙ የባሰ አሳፈራቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሰበረውን ከደህናው ለይተው የኖሩ ሰው፣ ደህና አጥንት ይዘው «ያመኛል» ማለት ከየት ይምጣላቸው! ሐኪሞቹም «እርጅና ነው አባቴ» እያሉ የሚታሽ ቅባት ይሰጧቸዋል። እሳቸውም ቀስ በቀስ «እንዴት ነዎት?» ለሚላቸው ሁሉ «ደህና» ማለትን ለመዱ።

በዚህ ዓመት ግን አንዲት ሐኪም ገጠመቻቸው። አልቸኮለችም። ሱሪያቸውን ሰብስባ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ባለ ራጁ ከአልጋው ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

ነገሯት። ሳቅ አለች፣ ደም አስመረመረቻቸው። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዛ፣ «ቫይታሚን ዲዎ ዘጠኝ ነው፤ ከሠላሳ በላይ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለቻቸው።

«ታዲያ ሕመሜ ይኼ ነው?»

«አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የጎደለው መሞላት አለበት። ከተሞላ በኋላ ሕመሙ ይቀንስልዎት ይሆናል፣ ላይቀንስም ይችላል። ለአንዳንዱ ይረዳል፣ አንዳንዱን ምንም አይለው። ቃል አልገባልዎትም።»

ቃል አለመግባቷ ደስ አሰኛቸው። የለም ብሎ የሚያስበውን ሕመም ማንም አድናለሁ ይላል፤ ይቺ የምታቅማማው ሕመሙን ብታምነው ነው። ስምንት እንክብል አዘዘችላቸው፤ በሳምንት አንድ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። በየቀኑ እንዳይወስዱትም አስጠነቀቀች፤ ሲበዛ ይመርዛል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፀሐይ እንዲሞቁ ነገረቻቸው። በመጨረሻ፣ «የሚያስታውስዎት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ማንም የለም ማለት አፈሩና የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ሰጡ።

ልጃቸው የምትኖረው በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነች፤ ቀኑን ሙሉ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ ስትጮህ ትውላለች። አባትና ልጅ ተጣልተው አያውቁም። ግን በስልክ አውርተውም አያውቁም። ስልክ የእናትየው ነበር። እናትና ልጅ አንድ ሰዓት ሲያወሩ ባለ ራጁ ጥግ ይዘው ያዳምጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ባለቤታቸው ስልኩን ሲያቀብሏቸው፣ «እ... ደህና ነሽ? ሥራ ጥሩ ነው? በይ እናትሽን ላገናኝሽ» ብለው እንደ ትኩስ ድንች መልሰው ይሰጣሉ። እናትየው ሲሞቱ መስመሩም አብሮ ተቆረጠ። ልጅቷ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ትደውላለች። እሳቸው ደውለው አያውቁም። አባት ይደወልለታል እንጂ አይደውልም የሚል ነገር አላቸው፤ ኩራት ይሉታል፣ እኔ ግን ፍርሃት ነው እላለሁ።

በመጀመሪያው እሁድ፣ ልክ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ ሆስፒታሉ ደውሎልኝ ነበር። እንክብሉን ዋጥክ?»

«ልውጥ ነው።»

«አሁን ዋጠው፣ እየሰማሁ ነው።» ከኋላዋ ሞተር ያጓራል። «በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል ብላበት። ፀሐይስ?»

«እወጣለሁ።»

«ጎበዝ። በል ቻው።»

ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ባለ ራጁ ግን ስልኩን ይዘው ብዙ ቆዩ። ሹፌሮቿን እንደምታዘው ነው ያዘዘቻቸው፤ እንዲያም ሆኖ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ገብቷል። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየቻቸውና፣ «ምነው ባለ ራጁ፣ ዛሬ ደግሞ እግርዎን አሰጡት?» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ከሳቁ ቆይተው ነበር።

በሁለተኛውም እሁድ ደወለች፤ ዋጡ። በሦስተኛው እሁድ እሽጉን ሲያነሱ ስድስት ቀርቷል። ስድስት እንክብል ማለት ስድስት እሁድ ነው። ከዚያስ? ከዚያ ልጅቷ ምን ብላ ትደውላለች? ስልኩ ጮኸ።

«ዋጥክ?»

«ዋጥኩ» አሉ፤ እንክብሉ መዳፋቸው ላይ ነበር። መልሰው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ይኼ ሰውዬ ሞኝ አልነበሩም። ያደረጉትን አሳምረው ያውቁታል። የቫይታሚኑ ቁጥር ካልሞላ ሐኪሟ እንክብል ትጨምራለች፣ ሐኪሟ ከጨመረች ልጅቷ ትደውላለች። ቅልጥማቸው ሲጠዘጥዛቸው መሳቢያውን ከፍተው እንክብሎቹን ያዩና ይዘጉታል። ሌላው ሰው ሕመሙን ለማስታገስ የማያደርገው የለም፤ ባለ ራጁ ሕመማቸውን ይጠብቁት ጀመር። ሲያስቡት ያሳዝናል፣ እሳቸው ግን እሁድን ይጠብቁ ነበር።

ስምንቱ ሳምንት አለቀ። ደማቸው እንደገና ታየ፤ አሥራ አንድ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አገላበጠችው። «በትክክል ነው የወሰዱት?»

«በየሳምንቱ፣ ከእንቁላል ጋር።»

«እንግዲያው አንጀትዎ እየተቀበለው አይደለም ማለት ነው። ሌላ ስምንት ሳምንት እንጨምርና አንጀትዎን በመሣሪያ እናያለን።»

ባለ ራጁ የሰሙት «ሌላ ስምንት ሳምንት» የሚለውን ብቻ ነው። እሁድ ልጃቸው ስትደውል የምሥራች እንደሚያበሥር ሰው ነገሯት። «አንጀትህ ነው ያለችው?» አለች።

«አልቀበል ብሎ ነው አሉ።»

«ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። በሚመጣው ሳምንት እመጣለሁ አባዬ።»

ትመጣለች! እሳቸውን ለማየት ብላ መጥታ አታውቅም፤ ለቀብሩ መጥታ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ነበር። ባለ ራጁ ወገባቸውን ይዘው ወለሉን ወለወሉ፣ አንሶላ አጠቡ፣ መስኮቱን ሳይቀር ጠረጉት። ጎረቤታቸው «ሙሽራ ሊገባ ነው እንዴ?» ስትላቸው፣ «ልጄ ልትመጣ ነው» አሉ፤ ሳትጠይቃቸው ደግመው ነገሯት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ማክሰኞ የእሁድ ሰው አይደውልም፤ ግን ልጃቸው ነበረች። ከኋላዋ ሞተር የለም፣ ጩኸት የለም። ልጅቷ ሽንት ቤት ገብታ ይሁን መጋዘን፣ ብቻዋን ነበረች።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ክብደት ቀንሰሃል?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«እማዬም ደህና ነኝ ስትል ነበር። የእሷም እንዲህ ነው የጀመረው፣ መድኃኒት አንጀቷ ውስጥ አልቆይ አለ፣ ከዚያ...» አልጨረሰችውም። ትልቅ ሴት፣ ስንቱን ሹፌር የምታንቀጠቅጥ ሴት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። «አንተም እንዳትሄድብኝ።»

ባለ ራጁ ያጠቡትን አንሶላ አዩት። ዝም ቢሉ ትመጣለች። ሦስት ቀን፣ ምናልባት ሳምንት አጠገባቸው ትቀመጣለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው፤ ዝምታ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ሙያ ነው። ልቅሶዋ ግን ጆሯቸው ውስጥ ነበር፣ አላስቻላቸውም።

«አልዋጥኩትም» አሉ።

«ምኑን?»

«እንክብሉን። ሁለቱን ነው የዋጥኩት። ስድስቱ እዚህ አሉ። አንጀቴ ምንም አልሆነም።»

«ለምን?»

«ካለቀ አትደውዪም ብዬ።»

«ከእሁድ ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም እኮ» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ተለውጧል። «አለቃዬ እግር ላይ ወድቄ ነው ፈቃድ የጠየቅኩት። ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ስልኩ ተዘጋ።

ሐሙስ ሐኪሟ ዘንድ ሄደው ለእሷም ተናዘዙ። ትክ ብላ አየቻቸውና፣ «አባቴ፣ በከንቱ ቱቦ ልከትብዎት ነበር እኮ» አለች። የአንጀቱን ምርመራ ሰረዘችው፤ እንክብሉን እንደገና ከአንድ እንዲጀምሩ ነገረቻቸው።

እሁድ እንቁላላቸውን ጠብሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አራት ሰዓት ሆነ። እንክብሉን ዋጡት፤ የጠየቃቸው የለም። አራት ተኩል ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ጎረቤታቸው ውጪ ልብስ ስታራግፍ ይሰማል። ልጅቷ አልመጣችም፣ አልደወለችም፣ ልትደውልም አይደለም፤ ይኼ ገብቷቸዋል። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን መንገድ ደግሞ ሄደውበት አያውቁም። ስልኩን አንስተው ደወሉ።

ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?»

እናትሽን ላገናኝሽ እንዳይሉ እናትየው የሉም። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው የመኪና ቁጥር እየጠራ ይጮሃል።

«ያመኛል» አሉ ባለ ራጁ።

ይቺን ቃል በስንት እሁድ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገሯትም፤ እሷም ጠይቃቸው አታውቅም። ሰውየው አሁንም የመኪና ቁጥር ይጠራል። «ቆይ፣ ሌላ ሰው ይሸኘው!» ብላ ስትመልስለት ተሰማ፣ ቀጥሎ በር ተዘጋና ጩኸቱ ራቀ።

«የት ነው የሚያምህ?»

«ብዙ ቦታ ነው።»

«እኮ የት?»

ባለ ራጁ ጎንበስ አሉ፤ ልጃቸው ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ይመስል ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና፣ «እዚህ ጋ» ብለው ቅልጥማቸውን በጣታቸው ነኩት።