የሰዓዳ ሸክላና መርፌው

ልጅ ሳለሁ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት የጠፋበት ማታ ለእኔ ደስታ ነበር፤ አያቴ አባባ ይማም ሻማ ለኩሰው ተረት የሚጀምሩት ያኔ ነበርና። ወሎዬ ስለሆኑ ጅቡም አህያውም በወሎ ለዛ ነበር የሚያወሩት። ተረቱ ሲያልቅ ግን ሁልጊዜ ወደ ሟች ባለቤታቸው፣ እኔ ወደማላውቃት አያቴ ወደ ሰዓዳ ይሻገሩ ነበር። ሰዓዳ በወጣትነቷ ለአንድ ዘፋኝ ከተቀባዮቹ ሴቶች ጋር ዘፍናለች፤ የዘፈኑ ሸክላም በሻሽ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ድምጿ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ለምን አንሰማውም?» እላቸዋለሁ።

«የማጫወቻው መርፌ አልቆ? ያለቀ መርፌ ሸክላውን እንደ ማረሻ ነው የሚያርሰው። አንዴ ከታረሰ ሰዓዳን ከየት አመጣታለሁ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ዱባይ ያለችው አክስቴ አዲስ መርፌ ላከች፤ የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ካለው ጭንቅላት ጋር አልገጥም አለ። ለካ እያንዳንዱ ጭንቅላት የራሱ መርፌ አለው። ከነጭንቅላቱ ስትልክ ገጠመ። አባባ ግን መጀመሪያ በማይረባ ሸክላ ላይ ይሞክሩና መርፌውን በባትሪ ያዩታል፤ ጫፉ ጥቁር ብናኝ ከያዘ ሸክላውን እየፋቀ ነው ማለት ነው። «ይሄማ በላተኛ ነው» ብለው ነቀሉት። ሌላም መጣ፣ እሱንም ነቀሉት። አክስቴ በስልክ «አባባ፣ መርፌ ነው ሙሽራ የሚመርጡት?» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

እንዲህ ሲመርጡ ዓመታት አለፉ። ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጊው ሲሉኝ የጎረቤት ልጆች ጩኸት ያስቸገራቸው ይመስለኝ ነበር፤ ጆሯቸው እየከዳቸው መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም።

በመጨረሻ ክብደቱ ቀላል የሆነ ጭንቅላት፣ ጫፉ ቀጭን ከሆነ መርፌ ጋር መጣ። ብናኝ አልያዘም። አንድ እሁድ ከሰዓት ሸክላውን ከሻሹ አወጡት፤ መርፌውን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ዘፈኑ ጀመረ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ማጫወቻው አስጠግተው ቆዩ።

«አልጀመረም እንዴ?» አሉኝ።

ጀምሯል ብዬ በጆሯቸው ጮህኩ። ሴቶቹ በአንድነት ሲቀበሉ ይሰማኛል፤ ሰዓዳ የትኛዋ እንደሆነች ግን አላውቅም። የሚለዩዋት እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ አይሰሙም። እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ ልጄ» አሉ። «ሰዓዳ ትዕግሥት የላትም፤ ከሌሎቹ ቀድማ ነው የምትገባው። ስትገባ እጄን ጫን አድርጊልኝ።»

አዳመጥኩ። እውነትም አንዲት ቀጭን ድምፅ ከሌሎቹ ትንሽ ቀድማ ገባች። እጃቸውን ጫን አደረግሁ። እንደገና ገባች፤ እንደገና ጫንኩ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ግጥሙን ይከተሉ ነበር።

ዛሬ አባባ የሉም፣ አላህ ይማራቸው፤ ሸክላው እኔ ቤት ነው። አንዳንዴ ምነው በአሮጌው መርፌ ሰምተውት በነበር እላለሁ፤ ቢታረስስ? ያኔ ግን እኔ ሰዓዳን አላገኛትም ነበር። ለራሳቸው ያቆዩት ለእኔ ደረሰ። አሁን ዘፈኑን ስከፍት ሰዓዳን ወዲያው እለያታለሁ። የሚናፍቁኝ ግን እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው ድምፅ ደግሞ የትኛውም ሸክላ ላይ የለም።