ዝንብ አርቢው

ተማሪዎቹ «አባ ዝንቡ» ይሉታል። እኔም በማስተምርበት ኮሌጅ ቤተ ሙከራ፣ ለዘረመል ትምህርት የሚሆኑ የፍራፍሬ ዝንቦችን ሲያራባ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የነጭ ጋውኑ እጅጌ ላይ የዝንቦቹ ቀለብ የሆነው እርሾ ደርቋል። ማታ የየጠርሙሱን የጥጥ ውታፍ በአውራ ጣቱ ጫን ሳያደርግ አይወጣም።

«ጋሼ፣ ልጆች አሉዎት?» አለችው አንዷ ተማሪ።

«አሥር ቀን ታገሺ፣ ልጅ አሳይሻለሁ። ሃያ ቀን ከታገሥሽ ደግሞ የልጅ ልጅ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ወደ ጠርሙሶቹ ዞረ።

ትምህርቱ ከሰኞ ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ዝንቦቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ እንዲገድል ታዘዘ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከተታቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ካፖርቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ አንድ ጠርሙስ አቅፏል። ማየቴን ሲያውቅ የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ብርድ አይችሉም» አለኝ።