የጁምዓዎቹስ የታሉ?

ይህ የሆነው ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከመነሳቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ዛሬም አንድን ነገር «ድግግሞሽ ነው» ብዬ ልጥል ስል ዘሃራ ትዝ ትለኛለች።

ዴም በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ሞባይልና ኮምፒውተር የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። በዕረፍት ቀኗ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ይዛ መጣች። ስልኳ ውኃ ገብቶበት አልነሳ ብሏል። ካርዱ ላይ ግን ከሞቱ ወር ያልሞላቸው እናቷ የላኩላት መልእክቶች ተቀምጠዋል።

ፋይሉን ስከፍተው ቀኑም፣ ላኪውም፣ ቃሉም በቅንፍና በምልክት ታጥሯል፤ ሰው የሚያነበው አይደለም። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን እንዲህ ያለውን ፋይል ወደሚነበብ ገጽ የሚለውጥ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፌ፣ ማንም አውርዶ እንዲጭነው በጥቅል እያዘጋጀሁ ነበር። ዕድል ከእግሬ ሥር የወደቀ መሰለኝ። ለወጥኩት፣ አተምኩላት፤ ለአዲሱ ስልኳ እንዲሆናት ብዬም ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋሁት።

ዘሃራ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ወንድሜ፣ የጁምዓዎቹስ የታሉ?»

«የትኞቹ?»

«እናቴ በየጁምዓው ‹ደህና ነኝ፣ አንቺስ?› ትለኝ ነበር። እዚህ ያለው አንድ ብቻ ነው።»

ጥፋቱ ወዲያው ገባኝ። ፕሮግራሙ ተመሳሳይ መልእክት ሲያገኝ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን እንዲጥል ያደረግሁት እኔው ነኝ። ብልጠት መስሎኝ!

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው እኮ» አልኳት፣ ለማምለጥ።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፤ ላንተ አንድ ነው። ለኔ እያንዳንዱ በሕይወት የነበረችበት ጁምዓ ነው፣ ወላሂ» ብላ አለቀሰች።

ካርዱ ባዶ ነው። የምገባበት ጠፋኝ። ድንገት ትዝ አለኝ፤ ለጥቅሉ መሞከሪያ እንዲሆነኝ ፋይሏን ሳላስፈቅዳት እዚያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ጥቅሉን ከፍቼ አየሁ፤ ፋይሏ አለ! እያፈርኩ ነገርኳት።

«ሌብነትህ ጠቀመኝ» አለች በእንባዋ መሀል እየሳቀች። «ያላ፣ አውጣው!»

ድግግሞሽ የሚጥለውን የፕሮግራሙን መስመር ሰርዤ እንደገና አተምኩ። ፋይሏንም ከጥቅሉ አወጣሁ። ዘሃራ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጣቷን በየጁምዓው ላይ እያሳረፈች፣ «አንቺስ?» የሚለው ጋ ስትደርስ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። አንዱንም አልዘለለችም።

ጥቅሉን ኋላ ለሕዝብ ለቀቅሁት። «ድግግሞሹን ለምን አታጠፋውም?» ብለው የሚጽፉልኝ አሉ። አላጠፋውም። ጦርነቱ በታትኖን ዘሃራ የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ትናፍቀኛለች። አርብ በመጣ ቁጥር እኔም በልቤ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» እላታለሁ።