አያቴ ያልጨረሱት ቃል

አያቴ ያልተባለውን እንደተባለ አድርጎ የሚጨርስ ሰው አይወዱም ነበር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እናቴና እኔ አብረናቸው በምንኖርበት ቤት አልጀብራን ብቻዬን ከመጽሐፍ ስማር፣ አንድ ቀን 2x + 6 ከሚለው ጎን «= 0» ጨምሬ «x = -3 ነው» ብዬ አሳየኋቸው።

በከዘራቸው ወለሉን መቱት።

«ዜሮ ነው ያለህ ማን ነው?»

«አባባ፣ መልስ እንዲኖረው ብዬ ነው።»

«ይኼ መግለጫ ነው እንጂ እኩልዮሽ አይደለም። እኩል ነው ያልተባለውን አትፍታ፤ እንዳለ ተወው!»

ባለፈው ወር ሲያርፉ አልጋቸው አጠገብ የነበርነው ታላቁ አጎቴና እኔ ብቻ ነን። «ይኼን ቤት…» አሉና ትንፋሻቸው ቆመ።

ሰልስቱ ሳይወጣ አጎቴ ለእናቴ «ቤቱን ሽጣችሁ ተካፈሉ ብለዋል» አሏት። የውርሱን ነገር ሊያዩ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ «ቤቱ ለአንተ ነው ብለውኛል» አሉ። አያቴ ፈንክሽንን ሲያስረዱኝ «ያንኑ ቁጥር አስገብተህ ሌላ ጊዜ ሌላ መልስ ካወጣልህ ፈንክሽን አይደለም፤ አትመነው» ይሉኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ምን ሰማህ?»

«ይኼን ቤት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሞቱ።»

«ይኼ ደግሞ ቃል ነው?» ብለው አጎቴ ሳቁ።

ከአያቴ ባዶ ወንበር ጎን የተደገፈውን ከዘራ አንስቼ ወለሉን መታሁት።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ነው ያለዎት ማን ነው?»