ማን አገባ?

ነገር ካልገባኝ አልተውም። እናቴ ልጅ እያለሁ "አንቺ ጠያቂ፣ ዳኛ ልትሆኚ ነው?" ትለኝ ነበር። ዳኛ አልሆንኩም፤ ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ገበያ ዳር፣ ሁላችንም ኻልቲ በምንላት ሱዳናዊት ሴትዮ ፉል ቤት ሻይ እያፈላሁ እሸጣለሁ። ጁምዓ ቤቱ ስለሚዘጋ ማንቆርቆሪያዬንና ከሰሌን ይዤ ከከተማው ጫፍ ወዳለው ሜዳ እወርዳለሁ። እዚያ ሰሊጥ አጫጆቹ ከሎሪ ሾፌሮቹ ጋር ኳስ ይጫወታሉ።

ሜዳ ካሉት ሜዳ ነው። ጥቁር አፈር ስለሆነ ክረምት ጭቃ፣ በጋ ስንጥቅ ነው። ኳሷ ስንጥቅ ላይ ካረፈች ወዴት እንደምትዘል እግዜር ይወቅ።

ከአጫጆቹ መካከል ሁልጊዜ የሚያገባ አንድ ሰው ነበር። ሲያዩት ለኳስ የተፈጠረ አይመስልም። ሲሮጥ የሰው ጫማ የተዋሰ ይመስል እግሩን ይጎትታል፤ ኳስ ይዞ ሰው ማለፍ አይሆንለትም። በአንጻሩ እዚሁ ሱዳን ያደገ አንድ ጎረምሳ አብሮት ይጫወታል፤ ያ ልጅ ኳስ ሲያንከባልል ሰው ሻዩን ረስቶ ያየዋል። ጎል ግን የለም። የሚያገባው ያ እግር ጎታች ነው፤ በጉልበቱ፣ በሽንጡ፣ አንዴማ በግንባሩ እንደተደፋ በማጅራቱ።

ይኼ ነገር አልገባ አለኝ። መጀመሪያ ዕድል ነው ብዬ ነበር፤ ዕድል ግን ጁምዓን እየጠበቀ አይመጣም። ቀጥሎ የሜዳውን ስንጥቅ አንድ ባንድ ያውቀዋል አልኩ፤ ዳሩ ጎል ሲቀያየሩም ያው ነው። በመጨረሻ የሾፌሮቹን በረኛ ጠየቅኋቸው። በረኛው ከስደተኞች ካምፕ እየመጡ ጎማ የሚጠግኑ፣ ጢማቸው የሸበተ ትግራዋይ ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ የተጎዱት እሳቸው ስለሆኑ ሳያስቡበት አልቀሩም። ሳቁብኝ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ኳሷን ተያትና እሱን እዪው" አሉኝ።

በሚቀጥለው ጁምዓ እሱን ብቻ አየሁ። ያን ቀን ስንት ሰው ስኳር የሌለው ሻይ እንደጠጣ አላውቅም። ሌላ ሰው ጎል ሲመታ ሁሉም ባለበት ቆሞ ገባች አልገባች እያለ ያያል፤ እሱ ያኔ ነው የሚሮጠው። ኳሷ ከበረኛው እጅ ወይ ከእንጨቱ ተመልሳ እንደምትመጣ አስቀድሞ ያመነ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ አትመጣም፤ በከንቱ ሮጦ፣ እግሩን እየጎተተ ይመለሳል። ያንን ሩጫ ማንም ልብ አይልለትም።

ደግሞ ይስታል። ለካ ከሁሉም በላይ የሚስተው እሱ ነው! ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ወደ ሰማይ ሲለጋት ሜዳው ሙሉ ሳቀበት። እሱ እጁን ከፍ አድርጎ "ማሌሽ" አለ። ማሌሽ ሱዳኖቹ ይቅርታም፣ ግድ የለምም፣ አይዞህም የሚሉባት ቃል ናት፤ እሱ ለማን እንዳላት እንጃ። ብሎ ሲያበቃ ተመልሶ እዚያው ጎሉ ፊት ቆመ። ጎረምሳው ግን አንዴ ከሳተ ወዲያ ኳስ በደረሰው ቁጥር ለሌላ ያቀብላል። እንዳይሳቅበት ይፈራል። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ አግቢን አግቢ የሚያደርገው ሲስት አለማፈሩ ነው። ያገኘሁትን ለበረኛው ስነግራቸው "እንግዲህ አንቺም ግቢና ሞክሪዋ" ብለው ቀለዱብኝ።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ይኼ ሜዳ ላይ ሀፍረት የማያውቅ ሰው በየምሽቱ ፉል ቤታችን ይመጣል። የውሃ ጀሪካኔን ይሸከምልኛል፣ ከሰል ያራግብልኛል፣ ከዚያ ጥግ ይቀመጥና "አንድ ነገር ልልሽ ነበር" ይለኛል። እጠብቃለሁ። "ሻይ ጨምሪልኝ" ይላል። ጓደኞቹ ሜዳ ላይ እንዲያ የሚያገባ ሰው እዚህ ሲመጣ ማግባት አቃተው እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ሆዴ ግን አይስቅም። ወድጄዋለሁ፤ ምን ልዋሽ።

በአገሬ ወግ ቢሆን ሽማግሌ ይልክ ነበር። ግን ማንን ወደ ማን ይላክ? የእሱ ዘመዶች አርማጭሆ፣ የእኔ መተማ፣ መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። አጨዳው አለቀ። በመጨረሻዋ ጁምዓ ዋዜማ፣ ሐሙስ ማታ፣ እሱ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር በሾዋክ በኩል ወደ ከሰላ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ መሆኑን ሰማሁ። በዚህ መንገድ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ኻልቲ ራስሽ ጠይቂው አለችኝ። በእኛ አገር ሴት ልጅ አትጠይቅም አልኳት። ምላስሽ ይሰበራል እንዴ ብላ ወደ ድስቷ ዞረች።

በዚያች ጁምዓ እስከ እረፍት ድረስ ማንም አላገባም። እሱ ደግሞ ጭራሽ ኳሷን ትቶ ወደ እኔ ያያል። ሲያርፉ እንደ ልማዱ መጥቶ ከሰሉ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሻይ ቀዳሁለት።

"አንድ ነገር ልልሽ ነበር" አለ።

ጠበቅኩ።

"ሻይ ጨምሪልኝ።"

ብርጭቆው ሙሉ ነበር። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

"ታገባኛለህ ወይስ ነገ ትሄዳለህ?" አልኩት።

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ዙሪያችን የነበሩት አጫጆች ዞረው አዩን። እሱ ብርጭቆውን ትክ ብሎ እያየ ቀረ። ፊቴ ከከሰሉ በላይ ጋለ። ሳትኩ፣ ሰው ፊት ሳትኩ አልኩ በልቤ።

"ማሌሽ" አልኩና ማንቆርቆሪያዬን አንስቼ ለሌላ ሰው ልቀዳ ዞርኩ። ግን ሁሉም ቆሞ ሲያይ እሱ የሚሮጣት ያቺ ሩጫ ትዝ አለችኝ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ተመለስኩ።

"አልመለስክልኝም። ታገባኛለህ?"

ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ ብዬ ፈራሁ" አለ። "ጎል ብስት ማሌሽ እላለሁ። ወላሂ፣ አንቺን ብስት ግን ማሌሽ ማለት አልችልም ነበር።"

"እና?"

"እና የትም አልሄድም። አገባሻለሁ።"

አጫጆቹ በፉጨትና በሳቅ ሜዳውን ቀወጡት። ጫጫታውን ከሩቅ የሰማ አንድ አርፍዶ የመጣ ጓደኛቸው አቧራውን እያቦነነ ሮጦ ደረሰ።

"ማን አገባ?" አለ እያለከለከ።

ወዳጄ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

"እኔ" አልኩ።