አባቴ የተሰረዙበት ጨረታ

የፌዴራል መንግሥት ግዥ ሁሉ በኮምፒውተር ይሁን ሲባል ወረታ ውስጥ ከኔ በላይ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። የምሠራው በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ፣ ግዥ ክፍል ነው። ባልደረቦቼ በመብራትና በኔትወርክ ሲያማርሩ እኔ የማስበው አባቴን ነበር።

አባቴ ቀጥቃጭ ናቸው። ከይፋግ ወዲህ ባለች መንደር ማጭድና ማረሻ ይሠራሉ። መሥሪያ ቤታችን የሩዝ ማሳ ስላለው በየዓመቱ ለአጨዳ ማጭድ ይገዛል፤ አባቴ ደጅ የሚደርስ ገዥ ግን አልነበረም። ነጋዴ ከሳቸው በርካሽ ወስዶ ለኛ በውድ ያቀርባል። ምክንያቱን የማያውቅ የፎገራ ሰው የለም። የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ይባላል፤ በሱ ፊት እህል አይቀመስም፣ ልጁም አትታጭም። ማጭዱን ይፈልጉታል፣ ሰውየውን ይሸሹታል። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በአዲሱ አሠራር ግን በማኅበር ተደራጅቶ የተመዘገበ ሁሉ መጫረት ይችላል። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው።

"ኮምፒውተር ዘር አይጠይቅም፤ አሁን በራስዎ ስም ነው የሚሸጡ" አልኳቸው።

"እስቲ ይሁን" አሉኝ። ከሌሎች ቀጥቃጮች ጋር ማኅበር አቋቋሙ፤ የወረዳው ባለሙያዎችም መዘገቧቸው።

ይህን ሁሉ ስመክር፣ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔን የሚያውቅ አንድም ባልደረባ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ያስገባኝ ወረታ ሹፌር የነበረው አጎቴ ነውና የምጠራው በሱ ስም ነው። አባትሽ ምን ይሠራሉ ሲሉኝ "ገበሬ ናቸው" እላለሁ። ትንሽ ሩዝ ይዘሩ የለ፣ ምኑ ነው ውሸቱ እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር።

አዲሱ አሠራር ሌላም ነገር አጥብቋል። የግዥ ኮሚቴ አባል ከተጫራች ጋር ዝምድና ካለው አስቀድሞ ተናግሮ ይወጣል። ተጫራቹም ዘመድ ካለው ይናገራል፤ ዋሽቶ የተገኘ ይሰረዛል። እኔ ደግሞ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። መላ ያገኘሁ መስሎኝ፣ ናሙና በሚታይበት ቀን አሞኛል ብዬ ቤቴ ቀረሁ። ሰብሳቢው ደወሉልኝ።

"አባል ጎድሎ ማየት አንችልም፤ ተደግፈሽም ቢሆን ነይ" አሉ። ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ።

አንዷ ባልደረባዬ ልጇን ክርስትና አስነስታ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። ዋጋው በኮምፒውተር ቢገባም ማጭዱ በዓይን መታየት አለበትና ተጫራቾች ናሙናቸውን ይዘው ተራ በተራ ይገባሉ። የአባቴ ተራ ደርሶ በሩ ሲከፈት ያቺው ባልደረባዬ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

"ቀጥቃጩ ነው፤ ሸፍኚው፣ ሸፍኚው!" አለችኝ በሹክሹክታ።

እጄ ቀደመኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ስቤ ዳቦው ላይ ጣል አደረግሁት። ቀና ስል አባቴ እጄን እያዩ ነበር። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ማጭዶቹን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡ። ሰብሳቢው አንዱን አንሥተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩ። ከዚያ በፊት ነጋዴዎቹ ያሳዩን ማጭድ ገና ሲነካ የሚታጠፍ ነበር። "እንዲህ ያለ ሥራ ካየሁ ቆየሁ" አሉ ሰብሳቢው፤ ሥራው የማን እንደሚሆን ሁላችንም ገባን። ከዚያ ለደንቡ ያህል ጠየቁ።

"አባት፣ እዚህ መሥሪያ ቤት ዘመድ አለዎት?"

አባቴ ዳቦው ላይ ያለውን ነጠላዬን አዩ።

"ኧረ የለኝም ጌታዬ! ከየት መጥቶ?" አሉ።

ለኔ ብለው ነው የዋሹት። እንዳፈርኩባቸው አይተዋል፤ አፍሬባቸውም ነበር። ዝም ብል ሥራውን ያገኙ ነበር፣ የኔም ጉድ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። በዚያች ሰዓት ሕጉ ትዝ ብሎኝ ነው ብል እዋሻለሁ። የሚያንገበግበኝን ነገር ተቀምጬ መቻል አቃተኝ እንጂ። ተነሣሁ።

"ውሸታቸውን ነው፤ አባቴ ናቸው" አልኩ።

ከሁሉ ቃል ያንን መርጬ! በሰው ፊት ያዋረድኳቸው አንሶ ውሸታም አልኳቸው። ባልደረባዬ ነጠላውን ልታነሣ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ሰብሳቢው ደግ ሰው ናቸው፤ ላብ አጠመቃቸው።

"ምነው እናቴ፣ ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ እኮ አንቺ ትወጪና እሳቸው ይቀጥሉ ነበር" አሉኝ። አሁን ግን የተባለው ተብሏል፣ ሁሉም ሰምቷል። የአባቴ ማኅበር ተሰረዘ። እኔ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ።

አባቴን የግቢው በር ላይ ደረስኩባቸው። ማጭዶቹን በጆንያ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል።

"አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ።

"ስትመረቂ ከሰው ኋላ ቆሜ፣ አሁን ትጠሪኝ እንደሁ እያልሁ ነበር" አሉኝ። "ሥራ የያዝሽ ጊዜም እንዲሁ። አባቴ የምትይኝ ዛሬ ነው እንዴ?"